የሻረግ ለውሻዋ የተወችው ቤት

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በማለዳ «ወይዘሮ የሻረግ አርፈዋል» እያለ በደጃችን ሲያልፍ፣ ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት ከአፌ የወጣው «ውሻውስ?» የሚል ነበር። ምራቴ ሰምታ አማተበች። ሰው ሞቶ ስለ ውሻ መጠየቄ አስጸያፊ ሆነባት።

እሷ የማታውቀው ነገር ነበር። የሻረግ ቤቷን ለእህቷ ልጅ ለታሪኩ ስትናዘዝ አንድ ግዴታ አስራበታለች። ውሻው በራሱ ሞት እስኪሞት ድረስ ከግቢው ሳይባረርና ሳይራብ ይኖራል። ከተባረረ፣ ከተራበ ወይም በሰው እጅ ከሞተ ግን ቤቱ ከታሪኩ ወጥቶ ለሌላ ሰው ያልፋል። ከአራቱ የኑዛዜ ምስክሮች አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ያሳሰበኝ ሬሳው አልነበረም። ሬሳውን እድሩ ይቀብረዋል።

የሻረግ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ላምና ዶሮ ለሚያረቡ ሰዎች ፉርሽካና ፋጉሎ ትሸጥ ነበር። አጭር ሴት ናት። ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ዱቄት በመዳፏ ወደ ላይ የመጥረግ ልማድ ነበራት፤ ለጠብ እጅጌዋን የምትሰበስብ ያስመስላታል። ስትናደድ ድምጿን ከፍ አታደርግም። መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው አንድ ዓይኗን ጨፍና ታይሃለች፣ ከዚያ ትናገራለች። ያኔ ቀድሞ መሄድ ነው የሚሻለው።

ሚዛኗ ላይ አንዲት እፍኝ አትጎድልም፣ አንዲት እፍኝም አትተርፍም። አንዲት ጎረቤታችን ላሟ ወልዳ ኖሮ ትንሽ እንድትጨምርላት ለመነቻት። የሻረግ፣ «ሚዛን አያዝንም፤ ካዘነ ሚዛን አይደለም» አለቻትና ጆንያውን አሰረች። የአንዱ ልጅ ፈተና ወድቆ አባቱ ሱቋ በር ላይ ቆሞ ሲያማርር፣ «አይዞህ፣ አህያ ተወድዷል» አለችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ፉርሽካ የሚገዛው ከአየር ጤና ነው።

ባሌ ሲሞት ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ለጥቂት ጊዜ አየችኝና፣ «በሕይወት ሳለ እንዲህ ብታለቅሺለት ኖሮ ቤቱ ያመሽ ነበር» አለችኝ። ለቀስተኛው ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ፤ ግማሹ ደንግጦ ነው፣ ግማሹ ሳቁን ሊደብቅ። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው፣ ከርሜ ነው የታረቅኳት። ነገር ግን ያለችው እውነት ነበር። ባሌ ውጭ ማምሸት ይወድ ነበር፣ እኔም ሲገባ በጭቅጭቅ ነበር የምቀበለው።

በሰፈራችን የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። የሷ ውሻ ስሙ «ከሰው ይሻላል» ነበር። ከአንዷ ጋር የተጣላች ቀን ግቢዋ መሀል ቆማ፣ «ና፣ ከሰው ይሻላል! ብላ፣ ከሰው ይሻላል!» እያለች ትጠራዋለች። ማን እንደተሰደበ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ውሻውን ከመንገድ ያመጣው አንድያ ልጇ ምትኩ ነው። ምትኩ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ደስ ያለው ቀን ይሠራል፣ ደስ ያላለው ቀን ይተኛል። ደስ የሚለው ቀን ጥቂት ነበር። ፈገግታው ግን ለሰው ሁሉ የሚበቃ ልጅ ነው።

ምትኩን አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ነው የገደለው። ፍሬኑ እምቢ ብሎት ማዞሪያው ጋ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። ልጁ እዚያው አለፈ። ከኋላው ይከተለው የነበረው ውሻ አንድ የኋላ እግሩን አጣ። ሹፌሩ ታሰረ።

የሹፌሩ አባት አቶ ወልዴ የሚባሉ ምስኪን ሽማግሌ ናቸው። ከሰልስቱ በኋላ ሽማግሌዎች ይዘው፣ ድንጋይ ተሸክመው ለእርቅ መጡ። ወጉ የታወቀ ነው። የበደለው ወገን ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ይንበረከካል፣ የሟች ቤት «አውርዱ» እስኪል ድረስ አያወርድም። ሌላው ሰው ለወጉ ያህል ትንሽ ድንጋይ ይይዛል። አቶ ወልዴ ግን ሐዘናቸውን ለማሳየት ይመስለኛል፣ ለጎልማሳ የሚከብድ መርጠው ነበር።

የሻረግ አየቻቸው። ከዚያ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ተዘግቶ የነበረውን ሱቋን ከፈተችና ፉርሽካ መመዘን ጀመረች። ደንበኛው በተንበረከኩት ሽማግሌዎች መሀል እየተሽሎከለከ ይገዛ ነበር። ፀሐዩ ወጣ። የአቶ ወልዴ አንገት ሲንቀጠቀጥ እኔ አላስቻለኝምና አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እኮ ነው፣ አውርዱ በያቸው ብዬ ጮህኩባት።

«ተሸከሙ አልኳቸው?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳትነቅል። «በራሳቸው እንደተሸከሙ በራሳቸው ያውርዱ።»

አቶ ወልዴ ግን በራሳቸው አያወርዱም፤ ካወረዱ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ከበው አይዞዎት ይላሉ እንጂ አያግዟቸውም። በመጨረሻ ጉልበታቸው ከዳቸው። ድንጋዩ ከአንገታቸው ተንሸራቶ የገዛ እግራቸው ላይ ወደቀ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት።

የሻረግ ወጥታ ቆማ አየች። «ይኸው» አለች፤ «አሁን ደግሞ እኔ ልከሰስ ነው።»

ይህን ብላ ባጃጅ አስቁማ ሽማግሌውን ራሷ ደግፋ አስገባችና ቤቴል ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እግራቸው በጄሶ እስኪታሰር ተቀምጣ ጠበቀች፣ ሒሳቡንም ከፈለች። ስትመለስ እንግዲህ ይቅር አልሻቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እግራቸውን አሳከምኩ» አለችኝ። «ይቅርታ አልወጣኝም። ይሄና ያ ለየብቻ ነው።» አቶ ወልዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነክሳሉ።

የሻረግ ጓሮ ባለው ክፍል ሕይወት የምትባል ወጣት ጠበቃ ተከራይታ ትኖር ነበር። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ይጠብቃታል። የሻረግ ይቅር ብትል ሹፌሩ ይፈታል ወይ? አይፈታም፣ የወንጀሉ ክስ የመንግሥት ነው፣ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። ይቅር ካለችስ ካሳ ይቀርባታል? ካሳውን ትቻለሁ ብላ ካልፈረመች አይቀርባትም። ማን ነው የሚከፍለው? የመኪናው ባለቤትና መድኑ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ሽማግሌዎቹ እርቅና ካሳን አንድ ነገር አድርገው ነበር የሚያዩት፣ እኛም እንደዚያው። የሻረግ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለውሻው እግርስ? ሰዉ ሳቀ። ሕይወት ሳቋን ውጣ፣ ውሻ በሕግ ንብረት ስለሆነ የሚከፈለው የገበያ ዋጋው ነው አለቻት።

ለልጇ ሞት ካሳ እንድታገኝ ደግሞ ልጇ ይጦራት እንደነበር ማስረዳት ነበረባት። ታሪኩ ይህን ሲሰማ ከቤት ቤት እየዞረ ምስክር ማጥናት ጀመረ። እኔም ዘንድ መጥቶ ምትኩ በየወሩ ያመጣላት ነበር ይበሉ አለኝ። ያየሁት እሷ ሳህን ስታቀርብለት ነው፣ ያንን እናገራለሁ አልኩት። እማማ፣ እርስዎ ላይ ምን ይጎድላል ብሎ ተቆጣ። ለእሷ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አክስቱ ያገኘችው ሁሉ ነገ የሱ መሆኑን ያሰላ ነበር።

ፍርድ ቤት ገና እኛ ሳንጠራ እሷ ተጠየቀች። የመድኑ ጠበቃ ልጅዎ ይረዳዎት ነበር ወይ አላት።

«አይረዳኝም ነበር» አለች። «እኔ ነበርኩ የማበላው።»

ጠበቃዋ ሆና የቆመችው ሕይወት ግንባሯን ያዘች። ዳኛው ደግ ሰው ነበሩ፣ መውጫ ሊሰጧት ፈለጉ። ምናልባት በሥራ ያግዝዎት ነበር፣ ጆንያ በማንሳት፣ አሏት።

«ጆንያ ላይ ይተኛ ነበር።»

ውሳኔው የመጣው እንደ አነጋገሯ ነው። ከቀብሩ ወጪ ሌላ ጧሪ በማጣት የሚከፈል የለም። ለእናትነት ሐዘኗ ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ አንድ ሺህ ብር ነው። ከመንገድ የተገኘ ውሻ የገበያ ዋጋ ስለሌለው ለእግሩ ምንም የለም። የሻረግ እጇን አነሳች። «ክቡር ዳኛ፣ በዚህ ግማሽ ኩንታል ፉርሽካ አይገዛም። እንዲያውቁት ብዬ ነው» አለችና ተቀመጠች።

ውጭ ስንወጣ ታሪኩ አክስቴ አብዳለች እያለ ራሱን ይመታ ነበር። እኔ ብቻዋን ሳገኛት፣ ምነው፣ አንዲት ቃል ብትዋሺ ማን ይጎዳ ነበር አልኳት። የሷ የሆነ ነገር ሲቀርባት ማየት እኔንም አንገብግቦኝ ነበር። አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምትኩ ሰነፍ ነበር። እኔ የወለድኩት ሰነፉን ነው፣ የወደድኩትም ሰነፉን ነው። ሞቶ ጎበዝ ላድርገው? ያኔማ የማለቅሰው ለማላውቀው ልጅ ነው።»

ነጠላዬን ሰብስቤ ከኋላዋ ተከተልኳት።

ኑዛዜው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እሷ መታመም ስትጀምር ሕይወትን ጠርታ ውሻ ቤት ይወርሳል ወይ አለቻት። ልጅቷ ልትስቅ ብላ ፊቷን ስታይ ተወችው። ወራሽ የሚሆነው ሰው ነው፣ ነገር ግን ቤቱን ለሰው ሰጥተው ውሻውን እንዲያኖር ማስገደድ ይቻላል፣ ካልፈጸመም ቤቱ ለማን እንደሚያልፍ ይናገሩ አለቻት። ለታሪኩ መስጠቷን ሁላችን እንጠብቅ ነበር፣ ሌላ ዘመድ የላትም። ካልፈጸመ የሚለው ላይ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሕይወት የኑዛዜ ምስክር መውረስ አይችልም አለች።

«ብትችልም አልሰጣትም» አለች የሻረግ። «ይቺማ ቤቱን ለማግኘት ውሻውን ራሷ ታንቀዋለች።»

ተናድጄ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ለአቶ ወልዴ ይሁን» አለች።

የገዳዩ አባት ወይ ብላ ሕይወት ደግማ ጠየቀች። የሻረግ ክንዷን ጠረገች፣ ዱቄት እንኳን አልነበረበትም። «ታሪኩ እኔን አይወድም፣ ውሻውንም አይወድም። ያንን ቤተሰብ ግን ከልቡ ይጠላል። ቤቱ ለነሱ እንዳይሄድ ሲል ውሻውን ወተት ያጠጣዋል። በፍቅር የተተወ ውሻ ይራባል፣ በጥላቻ የሚጠበቅ ግን አይራብም።»

አቶ ወልዴስ ቢደርሳቸው፣ ይቅር አልሻቸው ማለት ነው ወይ አልኳት።

«ይኑሩበት። በየቀኑ በልጄ በር ይግቡ፣ በልጄ በር ይውጡ።»

እንዲህ ያለች ሴት ናት። ቸርነቷን ከጭካኔዋ መለየት ለእኔ አልተቻለኝም፣ ለሷም የተቻላት አይመስለኝም።

እንግዲህ የሻረግ ሞተች፣ ታሪኩ ገባ። ያለችው ሁሉ ሆነ። እኔ በየማለዳው በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አያለሁ። የውሻው ሳህን ሙሉ ነው። ጎኑ ላይ ግን የመጥረጊያ እንጨት ያረፈበት ምልክት አለ። ታሪኩ ሰክሮ ሲገባ ውሻው በሦስት እግሩ እየዘለለ ሊሸሸው ሲል ጥግ አስይዞ ይመታዋል። ጩኸቱ እኔ አልጋ ድረስ ይመጣል። ሕይወትን ኑዛዜው ይህን አይከለክልም ወይ አልኳት። መባረር፣ መራብና መገደል ነው የተጻፈው፣ መደብደብ አልተጻፈም፣ ለፖሊስ ግን ማመልከት ይችላሉ አለችኝ። አመለከትኩ። ፖሊሱ በትህትና፣ እናቴ፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ይንገሩኝ አለኝ። ታሪኩን ራሱን ገሠጽኩት። በራፉ ላይ ተደግፎ ሳቀብኝ። «እማማ፣ ኑዛዜው ላይ ፈርመዋል አይደል? ታዲያ መቼ ራበው?»

ከጥቂት ወራት በኋላ ውሻው መንጋጋው ሥር እብጠት ወጣበት። እብጠቱ እያደገ ሄዶ መዋጥ ከለከለው። ያን ጊዜ ታሪኩን ማየት ነበር። እንጨቱን ጣለ፣ ወተት ገዛ፣ ሥጋ አስፈጨ፣ የእንስሳት መድኃኒት ከአየር ጤና አመጣ። በዚህ መሀል ወሊሶ ዘመድ ሞተበትና መሄድ ግድ ሆነበት። የግቢውን ቁልፍ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

«እርስዎ ይጠብቁልኝ» አለኝ። «እርስዎ እንደማይወዱኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቢሞት ሰው የሚያምነው የእርስዎን ቃል ነው።»

ቁልፉን የተቀበልኩት ለውሻው ብዬ ነው። ወተቱን ያሞቅኩት እኔ ነኝ፣ ያቀረብኩለትም እኔ ነኝ። አፍንጫውን ነክሮ መልሶ አወጣው። ከአፉ ወፍራም ምራቅ ይወርድ ነበር። በስሙ ልጠራው ፈለግኩና አፈርኩ፣ ዕድሜ ልኩን የስድብ ስም ነው የተሸከመው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቀትር ላይ አገጩን ጫማዬ ላይ አድርጎ ሞተ።

ታሪኩ ከወሊሶ ሳይመለስ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። መርዝ አብልቶት ነው የሄደው ተባለ። ሁሉም እንዲያ እንዲሆን ፈልጓል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈልጌ ነበር። አቶ ወልዴ ተከራይተውት የነበረው ቤት ለመንገድ ፈርሶ ከቤቴል በታች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ልጃቸው እንደታሰረ ነው። እሳቸው ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ የከሰሱት በባለቤታቸው በወይዘሮ አልማዝ ጉትጎታ ነው። ወይዘሮ አልማዝ ከቀጠሮው በፊት ቤቴ መጣች። እግሬ ሥር ልትወድቅ ስትል ያዝኳት።

«ከአፉ አረፋ አልወጣም?» አለችኝ።

«ምራቅ ነው።»

«ነጭ ነበር?»

«ነጭ ነበር።»

«እንግዲያው ነጭ አረፋ ነው ይበሉልን። ሌላ አንጠይቅዎትም። ያ ሰው ሲደበድበው በዓይንዎ አይተዋል። እኛ ደግሞ የት እንዳለን ያውቃሉ። የቱ ነው ፍትሑ?»

ፍትሑ ቤቱን እነሱ ቢያገኙት እንደሆነ አውቃለሁ። ይህንን ለማወቅ ትምህርት አያሻም፣ እኔም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሌሊቱን ሁሉ ብገላብጠውም ግን ያየሁት ያው ነው፤ እብጠት፣ ወተት፣ ምራቅ።

ፍርድ ቤት ቆሜ ማልኩ። ዳኛዋ ውሻው በሰው እጅ ነው የሞተው ወይ አሉኝ። ወይዘሮ አልማዝ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ታየኛለች። አቶ ወልዴ ከዘራቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«አይደለም» አልኩ። «በበሽታ ነው የሞተው። እስኪሞት አጠገቡ ነበርኩ። ታሪኩ አልገደለውም፣ አላስራበውም።» ልወርድ ስል አላስቻለኝምና ጨመርኩ። «ሰውየው ግን ክፉ ነው። እሱም ይጻፍልኝ።»

ዳኛዋ ያልተጠየቁትን አይናገሩ አሉኝ። አልተጻፈም።

ቤቱ ለታሪኩ ጸና። ውጭ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል በእጄ ገፋሁት። በወሩ ሸጠው። የገዛው ሰው ሱቁን አፍርሶ ብሎኬት ቆለለበት።

አሁን እድር ስሄድ ሴቶቹ ለመቀመጫ ጠጋ አይሉልኝም። ባለፈው የተክለ ሃይማኖት ዕለት ወይዘሮ አልማዝን መንገድ ላይ አገኘኋት። ጀርባዋ ላይ ካርቶን አዝላለች፣ ከዚያችም ክፍል ውጡ ተብለው ዕቃ እያመላለሰች ነበር። አቶ ወልዴ ከኋላዋ እያነከሱ፣ አንዲት ድስት ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱኝ። እሷ ቆመች። ካርቶኑን ሳታወርድ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እርስዎም ሌላዋ የሻረግ ነዎት» አለችኝ።

ልታቆስለኝ ነው ያለችው፣ አቁስሎኛልም። ካርቶኑን ላግዝሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ዞራኝ አለፈች።